የትምህርት ቤታችሁን ችግኝ ለ9ኛ ክፍል አስረክቡ

በየክረምቱ በትምህርት ቤቶች ግቢ ችግኝ እንተክላለን፤ ጥር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው ደረቅ ጭራሮ ነው። ዝናቡ ሲያቆም የሚያጠጣው ባለቤት ስለሌለው ነው። ያንን ጭራሮ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

በተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ሞክሩ። ሁለት ሊትር የሚይዘውን የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱና ክዳኑን በጋለ መርፌ አንድ ቦታ ብሱት። ቂጡን ቆርጣችሁ በአፉ ዘቅዝቁት፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ እስከ አንገቱ ቅበሩት። ቀዳዳው በጭቃ እንዳይደፈን ከክዳኑ ሥር ጥቂት ጠጠር አድርጉ። ውኃ ስትሞሉት ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በባልዲ የተደፋ ውኃ ግን አብዛኛው በላይ ፈስሶ ፀሐይ ይወስደዋል። ጠርሙሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከጎደለ ቀዳዳው ሰፍቷልና ክዳኑን ቀይሩ።

ከጠርሙሱ ይልቅ ወሳኙ ግን ተረካቢው ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተፈትኖ ይሄዳል፤ የ9ኛው ግን አራት ዓመት አብሮት ያድጋል። ችግኞቹን ለየክፍሉ አከፋፍሉ፤ የክፍሉን ስም በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በቀለም ጽፋችሁ አጠገቡ ትከሉ። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ሚኒ ሚዲያው «የሳምንቱ ተረኛ 9ኛ ለ» ብሎ ይጥራ። የተጠራ ክፍል ጀሪካኑን ፍለጋ እንዴት እንደሚሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ!

ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ደግሞ የጥበቃውን ጋሼ አደራ በሏቸው።