ሽያጩ ሳይቀንስ የወለድ ወጪው ሲያብጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ሽያጩም የትርፍ ህዳጉም እንዳለ ነው፤ የወለድ ወጪው ግን ጨምሯል።

ሁሉም ቶሎ የሚጠረጥረው ባንኩን ነው። ከዚያ በፊት ቀናቱ ይቆጠሩ። ዕቃው መጋዘን የሚቆይባቸውን ቀናት ደንበኛው ዱቤውን እስኪከፍል ካሉት ጋር ደምረው፣ አቅራቢው ለክፍያ የሰጠዎትን ቀናት ይቀንሱ፦ 60 + 45 − 30 = 75። በመግዣ ዋጋ በቀን የ100 ሺህ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት 7.5 ሚሊዮን ታስሮበታል፤ በ10 በመቶ ወለድ በዓመት 750 ሺህ ይከፍላል። ወለዱ 12 በመቶ ቢገባ 900 ሺህ ይሆናል። ወለዱ ሳይነካ ቀናቱ 90 ቢደርሱም ያው 900 ሺህ ነው። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ሁለቱ አይለዩም፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የረዘሙት ቀናቱ ከሆኑ ዱቤ መሰብሰብና የተኛውን ዕቃ ማውጣት እንጂ የብድር ውል መቀየር አይፈይድም።

ምልክት፦ ወለዱ በየሦስት ወሩ ይዘላል።

ምክንያቱ፣ ከመጋዘን የማይጠፋው መነሻ ክምችት ሳይቀር በተለዋዋጭ ወለድ መሸፈኑ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ የነበረውን መጣኔ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ሲያደርሰው፣ በዶላር እንዲህ የተበደሩት ጭማሪውን በየእድሳቱ ቀን ቀምሰዋል።

የ24 ወራት የብድር ቀሪ ያውጡና ዝቅተኛውን ይያዙ። ያ መጠን በቋሚ ወለድ የረጅም ጊዜ ብድር ይሸፈን፤ ወቅት እየጠበቀ የሚወጣና የሚወርደው በኦቨርድራፍት (ሂሳብዎ ላይ ካለው በላይ ለማውጣት በሚያስችል የባንክ ብድር) ይቆይ። ሁሉንም በቋሚ ማሰርም ስህተት ነው፤ ክምችቱ ሲሳሳ ሥራ ለፈታ ገንዘብ ወለድ ይከፈላል።

ተለዋዋጩን ወለድ በስዋፕ (ተለዋዋጭ ወለድን በቋሚ በሚለዋውጥ ውል) ወደ ቋሚ የሚለውጡ ከሆነ መጠኑ፣ ወለዱ የሚታደስበት ቀን፣ ማጣቀሻው (ተለዋዋጩ ወለድ የሚከተለው የገበያ ወለድ) እና የዜሮ ወለሉ ከብድሩ ጋር ይግጠሙ። የመጨረሻው ይረሳል። ብድሩ «ማጣቀሻው ከዜሮ ቢወርድ እንደ ዜሮ ይቆጠራል» እያለ ስዋፑ ዝም ካለ፣ ማጣቀሻው ከዜሮ በታች ሲገባ ልዩነቱ ከኪስዎ ይወጣል።

ምልክት፦ የመክፈያ ጊዜውን ከ30 ወደ 90 ቀን ካስረዘሙ ወዲህ አቅራቢው ዋጋ ጨምሯል ወይም ዕቃ ያዘገያል።

ወለዱ አልጠፋም፤ ወደ እሱ ተሻግሯል። እርስዎ በ9 በመቶ፣ እሱ በ18 በመቶ የሚበደር ከሆነ፣ የተጨመሩት 60 ቀናት ለእርስዎ 1.5 በመቶ ገደማ ሲያተርፉ እሱን 3 በመቶ ገደማ ያከስሩታል። ወደ 30 ቀን ይመለሱና በምትኩ የ2 በመቶ ቅናሽ ይጠይቁ፤ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

ሌላው መንገድ እርስዎ ባጸደቁት ደረሰኝ ባንክ ለአቅራቢው ቀድሞ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ለአቅራቢው የሚታሰበው ወለድ በእርስዎ የብድር ደረጃ ላይ ስለሚመሠረት ይረክሳል። ነገር ግን ገንዘብ ሰጪው ባንድ ጀምበር ሊያቆመው ይችላል፤ በዚህ ሥራ ይታወቅ የነበረው የፋይናንስ ኩባንያ ግሪንሲል እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሲወድቅ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ሙሉውን ግዥ በአንድ ገንዘብ ሰጪ ላይ አይጫኑ።

ምልክት፦ በ10 ቀን ለሚከፍል 2 በመቶ ቅናሽ፣ አለዚያ በ30 ቀን ሙሉውን የሚል ደረሰኝ ሁልጊዜ ያመልጣል።

ቅናሹን መተው 20 ቀን ለመቆየት ከ98ቱ ላይ 2 መክፈል ነው፤ በዓመት ሲሰላ ከ37 በመቶ በላይ ይመጣል። ኦቨርድራፍቱ ከዚያ ከረከሰ ተበድረው በ10ኛው ቀን ይክፈሉ። ካመለጠ ግን በ11ኛው ቀን መክፈል ትርጉም የለውም፤ ገንዘቡን እስከ 30ኛው ይያዙት።