ለፊልምና ለቴሌቪዥን ሙዚቃ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙዚቃቸው ለአንድ ትዕይንት ታጭቶ ሳይገባ የቀረባቸው ሰዎች ሥራቸው እንዳልተወደደ ቆጥረው ያዝናሉ። ይሁን እንጂ ዜማው ተወዶ ሳለ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ቶሎ ባለመታወቁ ብቻ የሚታለፍ ሥራ አለ፤ የፊልሙ ማስረከቢያ ቀን ስለማይጠብቅ ለፊልሙ ሙዚቃ የሚመርጠው ባለሙያ ሰነዱ ወደተሟላለት ሙዚቃ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት አንድን ሙዚቃ እንደ አንድ ንብረት ማየት ነው። በአንድ ቅጂ ውስጥ ሁለት መብቶች አሉ፤ አንዱ የዜማውና የግጥሙ መብት ሲሆን ሌላው ማስተር የሚባለው፣ የተቀረጸው ድምፅ መብት ነው። ሙዚቃውን ከምስል ጋር ለማዋሐድ የሁለቱም ባለመብቶች ፈቃድ ያስፈልጋል። በመሆኑም ቀረጻውን በገንዘቡ ያሠራው ሌላ ሰው በውል የማስተሩ ባለቤት ከሆነ፣ የደራሲው መስማማት ብቻውን አይበቃም።

ከዚህ የሚከተለው ድርሻን «በኋላ እንነጋገርበታለን» ብሎ ማሳደር ነው። ሥራው ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ሦስት ደራሲዎች እያንዳንዳቸው «40 በመቶው የእኔ ነው» ቢሉ ድምሩ 120 ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ደፍሮ የሚገዛ ፕሮዲዩሰር አይገኝም። ድምሩ በትክክል 100 የሚሆን የድርሻ ሰነድ ዜማው ባለቀበት ሰሞን ተጽፎ ሊፈረም ይገባል። ለአንድ ሰዓት ብቻ ገብቶ ጊታር የተጫወተውም ሆነ በአጃቢነት ያዜመችው ድምፃዊት፣ ቅጂው ለፊልምና ለቴሌቪዥን እንዲውል መፍቀዳቸውን የሚገልጽ አጭር ውል መፈረም አለባቸው። ወዳጅን ማስፈረም ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሳይፈራረሙ ቀርተው በኋላ መካሰስ የባሰ ያሳፍራል ባይ ነኝ።

ሌላው ከሰው ቅጂ ላይ የተቆረጠ ድምፅ ያለፈቃድ ማስገባት ነው። «ጥቂት ሰከንድ ከሆነ ይፈቀዳል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ተዘጋጅተው የሚሸጡ ሉፖችም (እየተደጋገሙ የሚጫወቱ አጫጭር የድምፅ ቁራጮች) ቢሆኑ የፈቃድ ውላቸው ሊነበብ ይገባል፤ ያው ሉፕ በብዙ ሰዎች ሥራ ውስጥ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለ ሙዚቃ የተመዘገበን ድምፅ በራሱ በሚለየው የዩቲዩብ የይዘት መለያ ሥርዓት ሲመዘገብ በሌሎች ሥራ ላይ የተሳሳተ የመብት ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

አንድ ሙሉ ዘፈን ብቻ ይዞ መቅረብም በር ይዘጋል። ተዋናዮች በሚነጋገሩበት ትዕይንት ላይ ግጥም ከንግግሩ ጋር ስለሚጋጭ አርታኢው ያለ ድምፃዊ የተዘጋጀውን ቅጂ ይጠይቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከበሮው፣ ቤዙና ሌሎቹ መሣሪያዎች ለየብቻ የወጡባቸውን ስቴሞች ይፈልጋል። ስቴሞቹ ሁሉ ከአንድ መነሻ ጀምረው እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል፤ አለዚያ ሲደራረቡ አይገጥሙም። ይህን ሁሉ ሚክሱ (የድምፆቹ ውህደት) ባለቀበት ዕለት አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከዓመታት በኋላ የቀረጻው ፕሮግራም ተቀይሮ ፕሮጀክቱ አልከፈት ሊል ይችላል።

ድምፁን እስኪታፈን ድረስ ማጉላት ለቴሌቪዥን ምንም አይጠቅምም። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አር 128 የተባለው መመሪያ የአንድ ፕሮግራም አማካይ የድምፅ ልክ ከዜሮ በታች 23 ላፍስ (የድምፅ ጉላት መለኪያ) እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ከልክ በላይ የጎላው ሙዚቃ መልሶ ይቀነሳል፤ የጠፋው የድምፅ መውጣትና መውረድ ግን አይመለስም። መጨረሻውም ቀስ እያለ ከሚጠፋ ጥርት ብሎ ቢቆም ለአርታኢው ይመቸዋል።

ፋይሉ ለምስል ሥራ በተለመደው ልክ፣ ማለትም በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ ድምፁ ሳይቀነስ በሚቀመጥበት የዋቭ ፋይል ዓይነት ይዘጋጅ። ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ከፊሉን ይጥላል፤ ወደ ዋቭ መቀየርም የተጣለውን ድምፅ አይመልስም። ዋቭ ውስጥ የተጻፈ መረጃ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ ስለማይታይ የሙዚቃው ርዕስና የባለቤቱ ስም በፋይሉ ስም ላይም ይስፈር። ባለ 12 ፊደልና አኃዙ የቀረጻ መለያ አይኤስአርሲም ለሙሉው ዘፈንና ያለ ድምፃዊ ለተዘጋጀው ቅጂ የተለያየ መሆን አለበት።

በመጨረሻም ሥራውን በሮያሊቲ ሰብሳቢ ማኅበር ሳያስመዘግቡ መሸጥ የስርጭት ክፍያን ያስቀራል። ፕሮግራሙ በተላለፈ ቁጥር የሚገኘው ገንዘብ የሚከፋፈለው አምራቹ በሚሞላው የሙዚቃ ዝርዝር መሠረት ነው፤ ስለዚህ የዝርዝሩን ግልባጭ ጠይቆ፣ ስሙና ድርሻው በማኅበሩ ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር የደራሲው ሥራ ነው።