ከትንንሽ ልጆች ጋር እሳተ ገሞራ ለማየት ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

እሳተ ገሞራ ሲባል ሁላችንም የምናስበው እሳቱን ነው። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን እሳቱ ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው። ቅርቡ ያለው ገደሉ፣ መሬቱና አየሩ ነው።

እጃቸውን መልቀቅ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በፈረንጆቹ 2024 የገና ዕለት ማታ፣ ሃዋይ የሚገኘውን ኪላዌያን ለማየት ከቤተሰቡ ጋር የሄደ ሕፃን ድንገት ተነጥሎ ወደ ገደሉ ሮጠ። እናቱ የደረሰችበት ከጫፉ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ገደሉ ከ120 ሜትር በላይ ይወርዳል። በእናቲቱ መፍረድ አይቻልም፤ የሚንቀለቀል ነገር ፊት ለፊት ሲኖር የማንም ዓይን ይሰረቃል። ስለዚህ ከመኪና ሳትወርዱ ማን የትኛውን ልጅ እንደሚይዝ ተነጋገሩ። ትንሹን እዘሉት። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ልጅ አይያዝ።

አየሩን በማሽተት ብቻ መለካት። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። በጣም ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ጭራሽ አይሸትም። ከአየር ስለሚከብድ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። እኛ ቆመን ከላይ እንተነፍሳለን። ድንጋይ ሊለቅም ቁጢጥ ያለው ልጅና ጋሪ ውስጥ የተኛው ጨቅላ ግን የሚተነፍሱት ከታች ነው። ምሳ ለመብላትም ሆነ ለማረፍ ከፍ ያለና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ምረጡ። ጭሱ ወደ እናንተ ከዞረ ቶሎ ተነሱ። የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያስቆምም። ልጃችሁ አስም ካለበት ሐኪሙን ሳታማክሩ አትውሰዱት፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለው ሌላው የእሳተ ገሞራ ጋዝ ደረቱን ቶሎ ያፍነዋል።

ከአጥሩ ማለፍ። እንፋሎት የሚወጣበት መሬት ከላይ ደረቅና ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ባዶና የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። በፈረንጆቹ 2017 ጣሊያን ውስጥ ሶልፋታራ በተባለው ስፍራ መሬቱ ተደርምሶ የ11 ዓመት ልጅና ሁለቱም ወላጆቹ ሞቱ። የተረፈው የ7 ዓመቱ ወንድሙ ብቻ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ “አንድ እርምጃ ብቻ” የሚል ሰው ስሰማ ሆዴ ይረበሻል።

ክፍት ጫማ ማልበስ። የቀዘቀዘ ላቫ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቆርጣል። ሽፍን ጫማና ረጅም ሱሪ ይሁን።

ከፍታውን መርሳት። ስፔን ውስጥ ቴይዴ ተራራ ላይ ያለው ኬብል ካር በ8 ደቂቃ 3,555 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣል። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ “ራሴን አመመኝ” አይልም። ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሳል። እንዲህ ካደረገው ይለምደዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ይዛችሁት ውረዱ።

“ይህን ሁሉ ነድተን መጥተን እንዴት እንመለሳለን” ማለት። ጃፓን ውስጥ ኦንታኬ ተራራ በፈረንጆቹ 2014 ሲፈነዳ የማስጠንቀቂያው ደረጃ ዝቅተኛው ነበር። 63 ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፍተው ቀሩ። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው የምመክረው ከሩቅ ማያ ቦታ ሆኖ ማየትን ነው። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን ማሳሰቢያ እዩ። መንገዱ ተዘግቶ ቢጠብቃችሁ ልጆቹ የሚሮጡበት ሜዳ የት እንዳለ ከዋዜማው ካርታ ላይ ፈልጉ።