ጆሮ ሳይበሱ የሚደረግ ጌጥ በእጅ አሠራር

ጆሮውን መበሳት ለማይፈልግ ሰው፣ የጆሮን ጠርዝ አቅፎ የሚቀመጥ ቀለበት መሰል ጌጥ ከአንዲት ቁራጭ ሽቦ ሊሠራ ይችላል። ለጀማሪ የምመርጠው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የመዳብ ሽቦ ነው፤ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ቢበላሽም አያስቆጭም። ለዘወትር ግን 92.5 በመቶው ንጹሕ የሆነ ብር ይሻላል፤ መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ኒኬል ያለበት ሽቦ ደግሞ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ያሳክካል።

ከሽቦው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡና ሁለቱን ጫፎች በሞረድ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልሱ ድረስ ያሻሹ። ይህ ሥራ ፈጽሞ መዘለል የለበትም፤ ስለት ያለው ጫፍ የጆሮን ስስ ቆዳ ይቧጭራል። ቀጥሎም ጫፎቹን በቀጭን ፒንሳ ወደ ውጭ በጥቂቱ ጠቅልለው፣ መሐሉን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ለስላሳ የብረት ዘንግ ላይ ያጥፉና በጫፎቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። ከዘንጉ ሳያወጡ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለው ዙሪያውን ቢመቱት ሽቦው ይጠነክራል፣ ቅርጹንም ይይዛል።

ሲያደርጉት የጆሮዎን ጠርዝ ሳብ አድርገው፣ ጌጡን ስስ በሆነው የላይኛው ክፍል ያስገቡ፤ ከዚያ ወደ መካከል እያንሸራተቱ ክፍተቱን ወደ ኋላ ያዙሩት። በየጊዜው እየከፈቱ መጭመቅ ግን ሽቦውን ይሰብረዋል።

ለሽያጭ ሲያቀርቡት፣ በጆሮ ቅርጽ በተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ጠርዝ ላይ ቢያስይዙት ገዢው አደራረጉን ወዲያው ይረዳል። ብር አየር ላይ ስለሚጠቁር ማታ ማታ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ያኑሩት።