«ዳርክ ቪክትሪ»ን እንዴት ብታዩት ይሻላል

እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው «ዳርክ ቪክትሪ» ስለ ፍቅርና ስለ ከባድ በሽታ ከተሠሩት የድሮ የሆሊውድ ፊልሞች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ነው። ብዙ ሰው ግን «አስለቃሽ ነው» ሲባል ይሰማና እንባውን ሲጠብቅ ዋናው ነገር ያመልጠዋል።

መጀመሪያ ጊዜ ስጡት። 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እየቆራረጣችሁ አትዩት። ንግግራቸው ፈጣን ስለሆነ ሰብታይትሉን ክፈቱ። አጀማመሩ ግብዣ፣ ፈረስና ሲጋራ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እንዳትዘሉት፣ ምክንያቱም ቤቲ ዴቪስ የምትጫወታት ጁዲት፣ የሎንግ አይላንድ የሀብታም ልጅ፣ ሕመሟን መደበቅ የጀመረችው እዚያው ነው። ራሷን ያማታል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል፣ እሷ ግን ምንም አልሆንኩም ባይ ናት።

ስታዩ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ አሁን ማነው ከማን የሚደብቀው? ፊልሙ ሦስት ጊዜ ይገለባበጣል።

የምርመራውን ትዕይንት ሁለቴ ብታዩት አይቆጫችሁም። ዶክተር ስቲል (ጆርጅ ብሬንት) ክሊኒኩን ዘግቶ ወደ ቨርሞንት ሊሄድ ባቡር ሊሳፈር ሲል ነው የምትመጣው። ጣቶቿ መሃል ሲጋራ ያቃጠለውን ቦታ ያያል። ሲያቃጥላት አልተሰማትም ማለት ነው። ከዚያ ዓይኗን አስጨፍኖ ትንንሽ ዕቃዎች እጇ ላይ ያስቀምጣል። በአንዱ እጇ ስትዳስሰው ታውቀዋለች፤ በሌላኛው ግን ያንኑ ዕቃ መለየት ያቅታታል። እዚህ ላይ የዴቪስን ፊት ተከታተሉ፦ አፏ ይቀልዳል፣ ዓይኗ ግን ፈርቷል።

አንጎሏ ውስጥ ለተገኘው ዕጢ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ድብቁ ወደ ሌሎቹ ይዞራል። ዕጢው ተመልሶ እንደሚመጣ ሐኪሙና የልብ ጓደኛዋ አን ያውቃሉ፤ ጁዲት ራሷ ግን አታውቅም። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ነገር ከበሽተኛ መደበቃቸው የተለመደ ነበር። ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ ሐኪሙ ቤተሰብ ለብቻ ጠርቶ ነግሮ በሽተኛው «ትድናለህ» ሲባል የሚከርምበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን። ጁዲት ፋይሏን ራሷ ታገኘዋለች። ከዚያ ሬስቶራንት ውስጥ፣ እነሱ ፊት፣ ፋይሉ ላይ ያነበበችውን የሐኪም ቃል እንደ ምግብ ታዘዋለች። አንዳንዶች ንዴቷ በዛ ይላሉ። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ሕይወቷ የእሷ ነው፣ መጀመሪያ ማወቅ የነበረባትም እሷ ናት።

ሦስተኛው መገለባበጥ ጁዲት ዶክተር ስቲልን አግብታ በምትኖርበት ቨርሞንት ላይ ነው። (መጨረሻውን አበላሸህብን እንዳትሉኝ፣ ምን እንደሚመጣ ፊልሙ ራሱ ከመሃል ጀምሮ ይነግራችኋል።) ከአን ጋር አበባ እየተከሉ ሳለ ደመና የመጣ ይመስላታል፣ ፀሐዩ ግን አሁንም እጇን ያሞቀዋል። ዓይኗ እየጠፋ መሆኑ የሚገባት በእጇ ነው፣ ልክ በምርመራው ጊዜ ነገሯ በእጇ እንደተጋለጠ። ባሏ ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ሊሄድ ተነስቷል። አሁን የምትደብቀው እሷ ናት፣ ጉዞውን ትቶ እንዳይቀር ብላ። ልክ ናት ወይ? ከጨረሳችሁ በኋላ አብሯችሁ ካየው ሰው ጋር በደንብ ተከራከሩበት።

ሃምፍሪ ቦጋርት ፈረስ አሰልጣኝ ሆኖ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ደግሞ ጠጪ ወዳጇ ሆኖ ብቅ ይላሉ። እነሱ ላይ ብዙ አትቆዩ። የማክስ ስታይነር ሙዚቃም አንዳንዴ ይጮሃል፣ ታገሱት።

በሽታውን ግን ከፊልሙ አትማሩ። የአንጎል ዕጢ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ሰውን እንዲህ አሳምሮ አያቆይም። ቤታችሁ ከባድ ሕመም ወይም ቅርብ ሐዘን ካለም ለጊዜው ተዉት፣ ፊልሙ የትም አይሄድም።

ፊልሙ ለሦስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም፤ ያ ዓመት የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነበር። ከወደዳችሁት ቀጥሎ ግሬታ ጋርቦ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሆና የተጫወተችበትን የ1936ቱን «ካሚል» እዩ፣ ግን በዚያው ሳምንት አይሁን።