ያልታዩኝ ሦስት ባይቶች

ጉዱ ያለው ከኤክሴል ባወጣሁት የስም ዝርዝር ውስጥ ነው። የፓይተን ኮዴ «ስም» የሚባል ዓምድ የለም ብሎ ሙጭጭ አለ። ዓምዱ ግን ዓይኔ ሥር ቁጭ ብሏል!

ውስጡን ልየው ብዬ ሄክስኤዲትን (የፋይልን ባይቶች አንድ በአንድ የሚያሳይ ፕሮግራም) ለመጫን ኡቡንቱ ተርሚናል ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሄክስኤዲት» አልኩ። ፓኬጁን አላገኘሁትም አለኝ። ለካ ማሽኑ አዲስ ነው፤ የፓኬጆቹን ዝርዝር አላደስኩም። «ሱዶ አፕት አፕዴት» ካልኩ በኋላ ወዲያው ገባ።

ፋይሉ በ«ስ»፣ ማለትም በባይቶቹ ኢ1 88 ቢ5 መጀመር ነበረበት። ከፊቱ ግን ኢኤፍ ቢቢ ቢኤፍ ተደርድሯል። ቦም የሚሉት፣ ፋይሉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ የሚጠቁም ስውር ምልክት ነው፤ ኤክሴል «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚባለው የጽሑፍ ፋይል ዓይነት ሲያስቀምጥ ይጨምረዋል። ኮዴም ምልክቱን ከ«ስም» ጋር አጣብቆ ስላነበበው ነው ዓምዱን ያጣው። (የእኛ ፊደልም ሦስት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ መጀመሪያ አንድ ፊደል የተረፈ መስሎኝ ነበር።)

ልሰርዘው ብል ሄክስኤዲት በላዩ ይጽፋል እንጂ ባይት አያወጣም። ስለዚህ በ«ቴይል -ሲ +4» ከ4ኛው ባይት ጀምሮ ወደ ሌላ ፋይል ገለበጥኩት። ሠራ። ለሚቀጥለው ጊዜ ኮዱ ውስጥ ኢንኮዲንጉን (የፊደል ኮዱን) ቦምን ዘልሎ በሚያነበው «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» አድርጌ ተገላገልኩ። ሄክስኤዲትን ግን አላጠፋሁትም፤ «አፕት አፕግሬድ» ስል አብሮ ይታደሳል።