ቋንጣ በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል

የምንኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ከገና ቅርጫ የሚደርሰንን መደብ በጥቂት ቀናት በልተን ስለማንጨርሰው ቋንጣ መዘልዘል የየዓመቱ ሥራችን ሆኗል። ቀኑ ደረቅና ነፋሻ፣ ሌሊቱም ብርዳም የሚሆንበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሥጋው ሳይደርቅ ይሻግታልና ባይሞከር ይሻላል።

ሥጋው በታረደበት ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ይሠራ። ከታፋ ወይም ከሽንጥ የተወሰደ ቀይ ሥጋ ይመረጥና ጮማው ተለቅሞ ይውጣ፤ ስብ እንደ ሥጋው ስለማይደርቅ ሲቆይ መጥፎ ሽታ ያመጣል።

ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም በዝልዘላው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ወፈር ወፈር አድርጌ ቆረጥሁት፤ ቶሎ እንዲደርቅም ከሥሩ እሳት አነደድሁ። በአራተኛው ቀን ላዩ እንደ እንጨት ጠንክሮ ስላገኘሁት በፌስታል ቋጥሬ አስቀመጥሁ። ከሳምንት በኋላ ስፈታው ሽታው ማድ ቤቱን ሞላው፤ አንዱን ብሰነጥቀው መሐሉ ቀይና የሚያጣብቅ ሆኖ አገኘሁት። የአንድ መደብ እኩሌታ ተጣለ። ላዩ በሙቀት ፈጥኖ ሲደርቅ ቅርፊት ስለሚሠራ የውስጡ እርጥበት መውጫ እንደሚያጣ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ቢላዋው በደንብ ይሳል። ጭብጥ የሚያህል ሥጋ በግራ እጅ ተይዞ በክሩ አቅጣጫ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይቆረጣል፤ ቢላዋው ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ይቆማል እንጂ አይበጥሰውም። ከዚያ ሥጋው ተገልብጦ ከሌላው ወገን እንደዚሁ ይቆረጣል። እንዲህ እየተገላበጠ ሲሄድ ያ ቁራጭ ተዘርግቶ ክንድ የሚያህል ረጅም ዝልዝል ይወጣዋል። ብርሃን ላይ ሲያዝ ወፍሮ የሚጠቁር ቦታ ካለው እዚያው ላይ እንደገና ይሳሳ።

ለ1 ኪሎ ሥጋ 30 ግራም ያህል ጨው፣ ማለትም ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ፣ ይበቃል። ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በእጅ በደንብ ከታሸ በኋላ ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። ጠዋት ሳህኑ ሥር የተጠራቀመውን ቀይ ውኃ ይድፉት፤ ጨው ከሥጋው ስቦ ያወጣው እርጥበት ነው። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የሚወድ ሰው በዚህ ጊዜ ይለውስ።

ዝልዝሉ እርስ በርሱ ሳይነካካ በታጠበ የናይለን ገመድ ላይ ይሰቀላል። ሽቦ ስለሚዝግ አልመክርም። ፀሐይ ላይ የሚያሰጡም አሉ፤ ነገር ግን እንደኛ አስፋልት ባልገባበት ሰፈር ሥጋው አቧራና ዝንብ ይጠግባል። ማድ ቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ መሰቀሉ ይሻላል። ጠዋትና ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል የደረቀ ወይራ ይጨስበት፤ ጭሱ ዝንብ ያርቃል፣ መዓዛም ይሰጣል። ባሕር ዛፍ ሽታው ሥጋው ላይ ስለሚቀር፣ ቀለም የነካው የግንባታ እንጨት ደግሞ ስለሚመርዝ ከምድጃው ይራቁ። እጅዎን ሥጋው በተሰቀለበት ከፍታ ሲይዙ ከሞቀዎት እሳቱ በዝቷል ማለት ነው፤ የሚፈለገው ጭስ እንጂ ወላፈን አይደለም።

እንደ አየሩ ሁኔታ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ይወስዳል። ለመፈተን ወፍራሙን ይምረጡና ያጥፉት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና መሐሉ እንደ ላዩ ጠቁሮ ከደረቀ ደርሷል። ከተለመጠ ይመለስ።

የደረቀው ቋንጣ በንጹሕ ጨርቅ ከረጢት ተደርጎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይንጠልጠል፤ ክረምት ሲገባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። ጨውና ጭስ በሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ እጭ ያጠፋሉ ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ በተለይ ለልጆች፣ እንዲሁ እየተቆረጠመ አይሰጥ። ለፍርፍር ሲፈለግ ተሰባብሮ በለብ ያለ ውኃ ጥቂት ይንከርና ከቁሌቱ ጋር በደንብ እስኪበስል ይንተክተክ፤ ጨው የሚጨመረው ከተቀመሰ በኋላ ብቻ ነው።